የኡሙሰልማ ጭስ

አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለው አሮጌ ሰፈር፣ በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ የበር መቃን ኖራ ይቀባ ነበር። መቃኑ በሙሉ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች የወረደች አንዲት መስመር ብቻ። ቤቱ የኡሙሰልማ ነው። መስመሯን መጀመሪያ ያሰመረው ደግሞ አያቴ ወልደአማኑኤል ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ለማውራት ከእኔ የሚሻል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

ስለ አክብሮት አስቀድሜ ልናገር። ኡሙሰልማን አንቱ ያላት ሰው ጉድ ይፈላበት ነበር። «ምን አረጀሁብህ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ስለዚህ እኔም እንደ ሰፈሩ አንቺ እላታለሁ። አያቴን በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ገና ሚስት ያላገባ፣ ከመንዝ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ አዲስ ጫማው የሚነክሰው የአገሩ ሹም ጸሐፊ ነውና አንተ ብለው ይቅር ይለኛል።

ኡሙሰልማ ከወሎ የመጣችው ጨው ከሚነግደው ባሏ ከአብዱናሲር ጋር ነው። የአብዱናሲር ታላቅ ወንድም መሐመድሰዒድ ቀድሞ አዳማ ገብቶ ሱቅ ከፍቶ ስለነበር ከግቢው ጥግ ቦታ ሰጣቸው። ባልና ሚስት ራሳቸው ጭቃ አቡክተው፣ ራሳቸው ሣር አጭደው ቤት ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ አብዱናሲርን ወባ ገደለው። ኡሙሰልማ አንጀቷ እስኪቆረጥ አለቀሰች፤ የሐዘን ወራቷን ጨረሰችና ተነስታ ወተት መነገድ ጀመረች።

ወተቱን የምታመጣላት ሆራ የምትባል የአሩሲ ሴት ነበረች። «አከም ቡልቴ?» ትላለች ሆራ በማለዳ ከደጅ፣ እንዴት አደርሽ ስትል። «ነጋ!» ትላለች ኡሙሰልማ ከውስጥ፣ ሰላም ነው ስትል። መጀመሪያ ላይ የምታውቀው ኦሮምኛ ይህችው ብቻ ነበረች፤ ዓመት ሳይሞላ ግን በወተቱ ጉዳይ ከሆራ ጋር በኦሮምኛ መጣላት ቻለች፤ ታርቀውም በኦሮምኛ ይሳሳቃሉ። ወተቱ የሚሄደው ወደ ባቡር ጣቢያው ነው። መንገደኛው ከፉርጎው ወርዶ የኡሙሰልማን ወተት ሳይጠጣ ወደ ድሬዳዋ መንገድ አይቀጥልም ይባል ነበር፤ ይህን የምትለው በብዛት እሷው ራሷ ናት።

የወተቷ ምስጢር ማጠኑ ላይ ነው። በአዳማ ሙቀት ወተት ውሎ እንዳይበላሽ ጮጮው፣ ቅሉ፣ የወተት ዕቃው ሁሉ በወይራ ጭስ መታጠን አለበት። ኡሙሰልማ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ዕቃዎቿን አጥባ በምድጃዋ ዙሪያ ትደረድርና የወይራ ፍም እያደረገች ታጥናቸዋለች። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፤ መዓዛው እስከ ሐዲዱ ይደርሳል።

አሁን መሐመድሰዒድን ላስተዋውቃችሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ለተቸገረ የሚደርስ፣ ለታመመ የሚያድር ሰው ነበር። አመሉ አንድ ብቻ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ታላቅ ወንድም መሆን ይወዳል። ወንድሙ ከሞተ በኋላ የኡሙሰልማን ቤት «ጓዳችን» ማለት ጀመረ። ሲገባም እንደ ጓዳው ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ አያውቅም፤ ሰተት ብሎ ገብቶ «ይህ ጮጮ እዚህ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሐሳቡ ቤቱን የጨው መጋዘን ማድረግ፣ እሷን ደግሞ አቦምሳ ላለ ደሊል ለሚባል ነጋዴ ወዳጁ መዳር ነበር።

«ምስኪን፣ ብቻሽን እስከ መቼ?» ይላታል።

«ምስኪን ማን ነው ጋሼ? ደግሞ ጓዳዎ ከሆነ ወተቱም የርስዎ ነው፤ ነገ በጠዋት ተነስተው ከሆራ ጋር ይከራከሩልኝ» ትለዋለች።

መሐመድሰዒድ ከሆራ ጋር መከራከር ስለማይደፍር ለጊዜው ይተዋታል። ቀን ጠብቆ ግን ይመለስበታል። ኡሙሰልማ አፏ ይስላል እንጂ ልቧ ይፈራ ነበር። ቤቱ የቆመው በእሱ ግቢ ነው፤ የእሷ ነው ብሎ የሚመሰክርላት ባሏ ሞቷል። ጭቃውን ያቦካችበት እጇ ብቻ ቀርቷል፤ እጅ ደግሞ ዳኛ ፊት አይናገርም።

ነገሩ እንዲህ እያለ በ1922 ዓ.ም. ጥር ላይ ገበያው መሀል አዋጅ ተነገረ። የከተማው ሰው ለገበያ፣ ለወሰንና ለውኃ ጉዳይ የሚዳኙ ሽማግሌዎችን ራሱ ይምረጥ ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበርና ሕዝቡ ጉድ አለ። ደንቡም አብሮ ተነገረ። ከጣሪያው ጭስ የሚወጣ ቤት ሁሉ አንድ ድምፅ አለው። አንድ ጭስ፣ አንድ ሰው። ጸሐፊው ጭሱን በቀን፣ መሥሪያ ቤቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ በበሩ ላይ የኖራ መስመር ያሰምራል። መስመር የሌለው ቤት አይመርጥም፣ አይመረጥምም። ደንቡ እንዲህ የጠበቀው ባዶ ጎጆ በአንድ ሌሊት ቀልሶ «ይህም ቤቴ ነው» የሚል ብልጥ ስለበዛ ነው። ከሐዲዱ በላይ ያለው ባለ ማደሪያ ቤቱ ገሠሠ፣ ፍየሎቹን ጭምር ሊያስመዘግብ እንደነበር ይወራ ነበር።

የሐዲድ በታቹ ሰፈር፣ አብዛኛው የወሎና የአሩሲ እስላም ነጋዴ ነው፣ አዋጁን ሰምቶ ሳቀ። «ጭስ? ጭስማ ሞልቶናል!» አለ። እጩው መሐመድሰዒድ ነበር፤ ከላይኛው ሰፈር ደግሞ ገሠሠ። ገሠሠ ከተመረጠ አዲሱ የውኃ ጉድጓድ ከማደሪያ ቤቱ ጓሮ ይቆፈራል፤ መሐመድሰዒድ ከተመረጠ ወደ ታች ይመጣል። ሴቱ ሁሉ ውኃ ከሩቅ እየቀዳ ወገቡ ተቆርጧልና ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ታዲያ ምዝገባው በጥር አልተደረገም። የአገሩ ሹም ለጉዳይ አዲስ አበባ ወጣ፣ እስኪመለስ የካቲት ገባ። ከየካቲት ጋርም ረመዳን ገብቶ ነበር።

አያቴ ወልደአማኑኤል የኖራ ባልዲውንና ብሩሹን ይዞ፣ በነከሰው ጫማ እያነከሰ፣ የታችኛውን ሰፈር ዞረ። አንገቱን ወደ ጣሪያ አንጋጦ ይሄዳል። ጥላ ሥር ያረፉት ሰዎች ሰላምታ ሲሰጡት አጸፋውን ይመልሳል፤ ደግሞ ወደ ጣሪያ። ጭስ የለም። በሚቀጥለው ቤትም የለም። በሚቀጥለውም። በአያቴ አገር ጾም ማለት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም ማለት ነው እንጂ ምድጃ አይጾምም፤ ሽሮው በጊዜ ይጣዳል። የረመዳን ምድጃ ግን ከሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ከሚበላው ምግብ፣ በኋላ ተዳፍኖ የሚነቃው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ማፍጠሪያው ሲደርስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በዘጠኝ ይዘጋል። አያቴ ይህን አያውቅም። ሰዎቹም ይህ ጸሐፊ ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልጠየቁትም፤ በጾም ቀትር ላይ ማን ይጠይቃል?

«ይህ ሁሉ ሰው ምድጃ ሳይኖረው እንዴት ይኖራል ብዬ አዘንኩላቸው» ይለን ነበር አያቴ፣ በኋላ ሲያወራ እየሳቀ።

መጨረሻ ላይ ከመሐመድሰዒድ ግቢ ጥግ ወፍራም፣ ሽታው ደስ የሚል ጭስ አየ። ኡሙሰልማ ዕቃዋን እያጠነች ነበር።

«እሜቴ፣ ይህ ቤት የማን ነው?» አለ።

«የኔ!» አለች ኡሙሰልማ፣ ቀና ሳትል። ለዓመታት እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረምና መልሱ ቀድሟት ወጣ። አያቴ ስሟን ጠይቆ መዘገበ፣ መቃኗ ላይ መስመሩን አሰመረና ሄደ።

ማታ ሰፈሩ አፍጥሮ ሲወጣ ነጩን መስመር አየ። የአንዱ በር ላይ ሲፈለግ የለም፤ የሌላው ላይም የለም። ሰፈሩን ዞሩት። ከዚያ ሁሉ ቤት መስመር ያለው የኡሙሰልማ በር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ድምፅ ያላት አንዲት መበለት ብቻ! እጩው መሐመድሰዒድ እንኳን የለውም። ሰፈሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ቀጥሎም፣ ሰው ነውና፣ አማ። «በቀን ምን እየቀቀለች ነው የጨሰው?» ያሉ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎች አያቴ ዘንድ ሄዱ። አያቴ ነገሩን ሲረዳ ፊቱ ፍም መሰለ። «እኔ ምን አውቄ!» አለ። ደንቡን ግን ማጠፍ አልቻለም። የመጨረሻው የምዝገባ ቀን ነገ ነው፤ በቀን ጭስ ካላየ ኖራ አይቀባም። «አመሻሽ ላይ ና» አሉት። «መሥሪያ ቤቱ በዘጠኝ ይዘጋል» አለ። «እንግዲያው በረመዳን ቀትር እንድናበስል ነው?» አሉት። አያቴ ጫማውን አየ። እኔ በቦታው ብሆን አንድ ነገር እለው ነበር፤ ግን አልተወለድኩም።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ኡሙሰልማ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሐሜቱን ሰምታ ኖሮ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ በረመዳን ስቀቅል ያያችሁኝ አላችሁ?» አለች። «ወላሂ ጠብታ ውኃ አልቀመስኩም። የወተት ዕቃ ማጠን ጾም ይፈታል? አይፈታም። ጸሐፊው የሚያየው ድስት ነው? አይደለም፣ ጭስ ነው። እንግዲህ በየቤቱ አንዳንድ ጮጮ ወስዳችሁ ነገ እኩለ ቀን ላይ አጥኑልኝ። ዕቃ እንደሆነ ሞልቶኛል። ያማኝ ሰው ግን ትልቁን ይውሰድ፤ እስኪያስለው ያጭስ!»

መጀመሪያ የሳቀችው የመሐመድሰዒድ ሚስት መሪማ ናት። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌው ሁሉ ጮጮ በብብቱ ይዞ ወደየቤቱ ገባ። መሐመድሰዒድ ብቻ እጁን አጣምሮ ቆሞ ቀረ። «እኔ ከጓዳዬ ዕቃ አልለምንም» አለ። መሪማ ግን ለቤታቸው አንድ ጮጮ ይዛ ገባች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የታችኛው ሰፈር ጨሰ። ሴቶቹ ከነጋ ጀምሮ እሳት የጫሩት ከኡሙሰልማ ምድጃ ነው፤ የወይራ ፍሟ ቶሎ ይይዛልና። ያን ጊዜ ክብሪት በባቡር ቢመጣም ለምድጃ የሚያባክነው የለም፤ ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ «እሳት ልጫር» ማለት የዘወትር ነገር ነው። አያቴ ባልዲውን ይዞ ሲመጣ ሰፈሩ ደመና ለብሶ ጠበቀው። እያሳለው፣ እንባው እየወረደ፣ ከበር በር ያሰምራል። «በቃ! አየሁ! አየሁ ብያለሁ!» ይላል። እነሱም «አንዴ ደግመህ እይልን» እያሉ ያጨሱበታል።

ወደ መሐመድሰዒድ ቤት ሲቃረብ ግን ጣሪያው ባዶ ነበር። መሐመድሰዒድ ክብሪት አለኝ ብሎ ኮርቶ ነበር። ክብሪቱን ይጭራል፣ የየካቲት ነፋስ ያጠፋዋል። ደግሞ ይጭራል፣ እንጨቱ እርጥብ ነው። ጎንበስ ብሎ ሲነፋ አመዱ ተነስቶ ጢሙ ላይ ሰፈረ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጸሐፊው አጥሩን አልፎ ገብቷል።

«መሪማ! ሮጠሽ እሳት አምጪ!» አለ።

መሪማ ጮጮውን በጉልበቷ ይዛ ተቀምጣለች። «ከየት?» አለችው። «ያ ቤት ጓዳችን ነው ያልከው አንተ አይደለህም? ጓዳህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

መሐመድሰዒድ ሚስቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የአያቴን ባልዲ አየ። ከዚያ የተሰበረ ገል አንስቶ፣ አመድ በመሰለ ጢሙ፣ ግቢውን ተሻገረ። ከኡሙሰልማ ደጅ እሳት የጫሩ ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም ቀና ብለው አዩት። እንደ ልማዱ ሰተት ሊል ሲል ኡሙሰልማ ከውስጥ መጥታ ከነጩ መስመር አጠገብ ቆመች።

«ምን ፈለጉ ጋሼ?»

«እሳት ነዋ!»

«ከጓዳዎ ከሆነ ማን ይከለክልዎታል፤ ገብተው ይውሰዱ። ቤትና ጓዳ ግን የሚቆጠሩት አንድ ጭስ ተብለው ነውና ጸሐፊው የኔን መስመር ያጥፋ ወይስ የርስዎን ይተው ይነግሩታል» አለች። «ከጎረቤት ከሆነ ግን፣ ጋሼ፣ እንደ ሰው ይጠይቁኝ።»

አያቴ ሁለቱ መሀል ባልዲውን ይዞ ቆሟል። ጎረቤት ለጎረቤት እሳት አይነሳም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም ደግሞ የገዛ ቤቱን «እሳት ልጫር» ብሎ አይጠይቅም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው መሐመድሰዒድ ነው።

ገሉን በሁለት እጁ ዘረጋ።

«ኡሙሰልማ» አለ፣ ዝቅ ብሎ። ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው። «ከቤትሽ እሳት ልጫር።»

ኡሙሰልማ ገሉን ተቀብላ ገባች፤ ከፍሟ የቀላውን፣ የወፈረውን መርጣ ሞላችለት። ከላዩ የወይራ ስንጥር ጣል አደረገችበት። «ይሩጡ፣ ነፋስ አለ» አለችው። ሮጠ። እንደ እሱ ያለ የተከበረ ነጋዴ በገል እሳት ይዞ ሲሮጥ ያየ ሰው ሁሉ እስኪሞት አውርቶታል። ከጣሪያው ጭስ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አያቴም መስመሩን አሰመረ። ብሩሹ ደርቆ ስለነበር የመሐመድሰዒድ መስመር ከኡሙሰልማ መስመር የቀጠነች ሆነች። አያቴ ሆን ብዬ አይደለም ይላል፤ እኔ እንጃ።

ምርጫው ከዒድ በኋላ በገበያ ቀን ተደረገ። እጩዎቹ ግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ መራጩ ስሙ ሲጠራ ከሚፈልገው ሰው ጀርባ ይቆማል። አያቴ «የኡሙሰልማ ጭስ!» ብሎ ሲጣራ ከላይኛው ሰፈር አንዱ «ሴት ልትመርጥ?» ብሎ ጮኸ።

«ደንቡ ጭስ አለ እንጂ ጢም አላለም» አለ አያቴ። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ የሚኮራበት ይህ ነው፤ በሰርጌ ቀን ሳይቀር ደግሞታል።

ኡሙሰልማ ነጠላዋን አስተካክላ በእርጋታ ተራመደች። በገሠሠ ፊት ስታልፍ ገሠሠ ተስፋ አድርጎ ፈገግ አለላት፤ እሷም ፈገግ ብላለት አለፈች። ሄዳ ከመሐመድሰዒድ ጀርባ ቆመች። ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ «ጉድጓዱ ቅርብ ይሁን፤ ወገቤ አልቋል» አለችው። ጉድጓዱም ወደ ታች መጣ።

ከዚያ ወዲያ ሳምንትም አልቆየ፣ የአቦምሳው ደሊል ጨው የጫኑ አህዮቹን ነድቶ ከች አለ። መጋዘን የሚሆነውን ጓዳም፣ ሚስት የምትሆነውን መበለትም በአንድ መንገድ ሊያይ ነው የመጣው። መሐመድሰዒድ አዲሱ ሽማግሌ ነውና ሱቁ ደጃፍ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀምጦ ነበር።

«ያልከኝ ጓዳ የቱ ነው? ያ ባለ መስመሩ ነው?» አለ ደሊል፣ በአለንጋው እያሳየ።

መሐመድሰዒድ ወደ ኡሙሰልማ ቤት አየ። ጭሱ በሣሩ እየሾለከ ይወጣ ነበር።

«እሱ ጓዳ አይደለም» አለ። «የጎረቤቴ ቤት ነው። እሳት ጭሬበታለሁ።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷን ራሷን ጠይቃት። ግን አልመክርህም፤ ና ይልቅ ወተት ላስጠጣህ።»

ተነስቶ ግቢውን ተሻገረ፤ ደሊልም ተከተለው። ኡሙሰልማ ሁሉንም ከውስጥ ሰምታ፣ ጮጮ በእጇ እንደያዘች ቆማ ታለቅስም ትስቅም ነበር። የመሐመድሰዒድ እርምጃ እየቀረበ መጣ፤ ከበሩ ሲደርስም ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ቤቶች!» አለ።

ኡሙሰልማ እንባዋን ጠረገችና እስኪደግመው ጠበቀች። ደገመው።